አዙሪት በማማሰል ወይስ በድንገት በማቀዝቀዝ?

ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን በሬሳ ወንዝ ዳር የቆመ ሰው አዙሪት ምን እንደሆነ ያውቃል። የወንዝ አዙሪት እንደፈለገ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል፣ በላይ ከአንድ ዲግሪ ሚሊዮንኛ በታች በቀዘቀዘ ጋዝ ውስጥ ግን አተሞቹ እንደ አንድ ሞገድ ይሆናሉ። ዙረቱ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድ ተኩል የሚባል የለም።

በዚህ ጋዝ ውስጥ አዙሪት ለመፍጠር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማማሰል ነው። ማማሰያው የሌዘር ጨረር ነው። ቀስ ብለው ካዞሩት ምንም አይፈጠርም። ፍጥነቱ ወሰኑን ሲያልፍ አዙሪት ከጠርዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 የፊዚክስ ሊቁ የዣን ዳሊባር ቡድን ፓሪስ ላይ ይህን አሳየ። በ2001 ደግሞ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የቮልፍጋንግ ኬተርሌ ቡድን ከ100 በላይ አዙሪቶችን በሦስት ማዕዘን ንድፍ ተደርድረው አገኘ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ።

ሁለተኛው ሳያማስሉ በፍጥነት ማቀዝቀዝ ነው። እኔን ልቤን የሚወስደው ይሄኛው ነው። ውርጭ በበረታበት ሌሊት ውጭ ያደረ ውሃ ከብዙ ቦታ መርጋት ይጀምራል፤ ሲገናኝ ስፌቱ ይታያል። ጋዙም እንዲሁ ነው። የተራራቁ ክፍሎቹ ሳይመካከሩ የየራሳቸውን የሞገድ ምት ይይዛሉ። ሲገናኙ ምታቸው ካልገጠመ መሃል ላይ አዙሪት ይቀራል። ቅዝቃዜው በፈጠነ ቁጥር አዙሪቱ ይበዛል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል።

ሥርዓት ያለው ድርድር ለሚፈልግ ማማሰሉ ይሻላል። ማቀዝቀዙ ግን ከላቦራቶሪ ይሻገራል፤ የፊዚክስ ሊቁ ቶም ኪብል ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1976 ያነሳው ገና እየቀዘቀዘ ስለነበረው ጥንታዊ ዩኒቨርስ ነበር።