የሲሚንቶ አንበሳ ወይስ ጥቁር ድንጋይ? ለግቢያችሁ ሐውልት ከመግዛታችሁ በፊት

ሱሉልታ፣ ሆለታ ወይም ቢሾፍቱ ትንሽ ቦታ የያዘ ወዳጅ ሁሉ ሣሩ ሲበቅልለት ይደውልልኛል። «ለግቢው ሐውልት ነገር ልገዛ ነው፣ ምን ይሻላል?» መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ልገላገል፦ ጥቁር ድንጋይ። እሱ ካልሆነ ከብረት ቁርጥራጭ የተበየደ። የሲሚንቶ አንበሳውንና ፋይበር ግላሱን ተዉት።

ወደ ዋጋው ልግባ። የምጠራው ብር እኔ ስዞር የተነገረኝ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ቀንሶ ግን አይመስለኝም።

መንገድ ዳር ከአበባ ማስቀመጫ ጋር የሚደረደረው፣ ወገብ የሚደርሰው የሲሚንቶ አንበሳ 22 ሺህ ብር ነው። ማድረሻ 3 ሺህ። ርካሽ ይመስላል አይደል? አጎቴም እንደዚያ መስሎት ሆለታ በሩ ላይ ጥንድ አቆመ። በሁለተኛው ክረምት የአንዱ የፊት እግር ከጉልበቱ በታች ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ቡናማ ውሃ እየወረደ ነጩን ቀለም አበላሸው።

ጥፋቱ ውስጥ ያለው ፌሮ ነው። ሠሪው ሲሚንቶ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ጣት በማይሞላ ልስን ሸፍኖታል። ፌሮ ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል። ዝገቱ ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ቢያንስ ሦስት ሳንቲ ሜትር መሸፈን ነበረበት። ከፎርማ ከወጣ በኋላም ሳምንት ያህል ውሃ መጠጣት ነበረበት። እነሱ ግን ፀሐይ ላይ አስጥተው ቶሎ ቀለም ይቀቡታል። ሻጩ ሲጠራ መጣና «የእኛ ሥራ ሳይሆን የዝናቡ ነው» አለን። ሆለታ ዝናብ መኖሩን የዚያን ዕለት የሰማ ይመስላል።

እግሩን ለማስጠገን 7 ሺህ ወጣ። ቀለም በየዓመቱ 3,500፣ ለሁለት ዓመት 7 ሺህ። ደምሩት። አንዱ አንበሳ ብቻ 39 ሺህ ብር በልቷል፤ አሁንም ያነክሳል።

ድንጋዩን እንየው። ቁመቱ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 25 የሆነ ጥሬ ጥቁር ድንጋይ ከካባ፣ ማለትም ድንጋዩ ከሚወጣበት ቦታ፣ 6 ሺህ ብር። ክብደቱ 420 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን አይሱዙ 5 ሺህ፣ ጫኝና አውራጅ 4 ሺህ። ጠራቢው 26 ሺህ። ድምሩ 41 ሺህ። ከአንበሳው በ2 ሺህ ይበልጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ብር አይጠይቃችሁም። ቀለም የለው፣ ፌሮ የለው፣ ምኑ ይበላሻል?

ዋናው ዘዴ ጠራቢውን ግቢያችሁ ድረስ ማምጣት ነው። ያለቀለትን ከሱቅ ስትገዙ ያንኑ መጠን 90 ሺህ ይሉታል። በዚያ ላይ ፒስታ መንገድ ላይ ጠርዙ ይሸረፋል። ጥሬው ቢጋጭ ግን ማን ያዝናል! ጠራቢው ያንን ጎን ቀድሞ ያነሳዋል።

ምን ዓይነት ቅርጽ ይሁን ለሚል፣ በቡታጅራ መንገድ ሄዶ ትያን ይይ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቦታ ነው። ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ፦ ሰይፍ፣ ክብ፣ ሌላም ምልክት። ፊት የለ፣ ጺም የለ። ጥቂት መስመር ብቻ ናት፤ ስንት መቶ ክረምት አልፎባት ዛሬም ትነበባለች። ጠራቢያችሁን «አንበሳ ሥራልኝ» ከማለት «ጥቂት መስመር አውጣልኝ» ብትሉት ዋጋውም ይወርዳል፣ ሥራውም ያምራል።

ማጭበርበሩ ግን ድንጋይ ላይም አለ። ሲሚንቶን ከጥቁር ድንጋይ ዱቄትና ከቀለም ጋር ለውሰው «ድንጋይ ነው» ብለው ይሸጣሉ። ገልብጡና ከሥሩ እዩት። ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ወይም የፎርማ መጋጠሚያ መስመር ካለ ሲሚንቶ ነው። በምስማር ጫሩት። ሲሚንቶው ግራጫ ዱቄት ያወጣል፤ ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ምስማሩ ራሱ ምልክቱን ጥሎ ያልፋል። «ነሐስ» ለሚሏችሁ ደግሞ ማግኔት ያዙ። ከሳበው ነሐስ አይደለም። ካልሳበውና ሲንኳኳ ባዶ ፕላስቲክ ከመሰለ፣ ቀለም የተቀባ ፋይበር ግላስ ነው። እሱን 35 ሺህ ጠርተውልኛል። ፀሐይ ላዩን ዱቄት የሚያደርገውን፣ ነፋስ የሚጥለውን ነገር!

የኮንሶን ዋካ «ጥንታዊ ነው» ብሎ የሚያመጣላችሁ ደላላ ካለ በሩን ዝጉበት። ዋካ ከእንጨት የሚቀረጽ የሟች መታሰቢያ ነው። እውነት ጥንታዊ ከሆነ ከመቃብር የተነቀለ ነው፣ ካልሆነ ደላላው እያታለላችሁ ነው። እንጨት ከወደዳችሁ አዲስ አስቀርጹ፤ ምስጡን ግን እናንተው ቻሉት።

ብረት እወዳለሁ። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በተለቀመ ጊርና ሰንሰለት የተበየደች አንዲት ቁመተ ረጅም ወፍ 40 ሺህ ተብላ ልቤ ቀርቶባታል። ከገዛችሁ የማሽን ዘይቱ በናፍታና በብሩሽ ታጥቦ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልታጠበ አንቲረስቱ፣ ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ አይዝም። ቱቦ ካላት ከታች ቀዳዳ ይኑራት፣ ውሃ እንዳይተኛባት። ያልገዛኋት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው የማይኖርበት ግቢ ውስጥ ብረት ስታቆሙ፣ ቆራሌው በኪሎ የሚገዛውን ነገር ነው ያቆማችሁት። 420 ኪሎ ድንጋይ ማን ተሸክሞ ይሄዳል?

አተካከሉ ላይ አትቆጥቡ። ሲሶው መሬት ውስጥ ይግባ። ጥቁር ድንጋይን ጽድ ሥር ካደረጋችሁት ይጠፋል፤ ከጀርባው እንሰት ቢሆንለት ግን ቅጠሉ ፀሐይ ሲያሳልፍ ድንጋዩ ጎልቶ ይወጣል። ፊቱን የጠዋት ፀሐይ ከጎን እንድትነካው አዙሩት፤ መስመሩ ጥላ የሚይዘው ያኔ ነው። በላዩ የሚበቅለውን የድንጋይ ሽበት አትፈግፍጉት።

የጫኝና አውራጁን ዋጋ ደግሞ ድንጋዩ መኪና ላይ ሳይወጣ ቁረጡ። ማውረጃውንም ጨምራችሁ።