ኦቭን ለምትገዙ፦ ስለገጠሙልኝ ኤሌክትሪሻን ልንገራችሁ

ስለ ኦቭኑ ራሱ ብዙ አልልም፣ የቱርክ ስሪት ነው፣ ከላይ 4 ምድጃ ከታች ኦቭን ያለው፣ ድፎውን ከላይም ከታችም እኩል ነው ሚያበስለው፣ የበሩ መስታወት ግን ይግላል ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ይጠንቀቅ። እኔ መጻፍ የፈለኩት ስለገጠሙልኝ ባለሙያ ነው ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ሲገዛ ዋጋና መልኩን ያይና ገመዱ የት እንደሚገባ የሚያስበው እቃው ኩሽና ከገባ በኋላ ነው።

እቃውን ያደረሱት የሻጩ ሱቅ ልጆች ናቸው። ከጀርባው የሚወጣው ገመድ ጫፉ ላይ ስፒና የለውም፣ አንደኛው ልጅ "እህቴ ስፒና ገዝተሽ አምጪ አሁኑኑ ሶኬት ላይ እሰካልሻለሁ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ስፒና ሳይኖረው የሚመጣው ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው፣ የቤት ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው በኛ 220 ቮልት ወደ 3,500 ዋት ማለት ነው፣ የኔ ኦቭን ጀርባው ላይ የተለጠፈው ደግሞ ሁሉም ሲበራ 6,600 ዋት ይላል፣ ለ220 አካፍሉት 30 አምፔር ይመጣል። ምጣድ የተሰካበት ሶኬት ጠቁሮ ያየ ሰው ይሄ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅተውም።

ስለዚ ሲኤምሲ አካባቢ እኛ ሰፈር የኤሌክትሪክ እቃ ሚሸጡ እድሜያቸው ገፋ ያለ ባለሙያ አሉ እሳቸውን ጠራሁ። ሲመጡ ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ነው የሄዱት። ዋናው ብሬከር (ከአቅም በላይ ሲሆን መብራቱን የሚያቋርጠው) ስንት አምፔር እንደሆነ አዩ፣ ከቆጣሪ ወደ ቤት የሚገባውን ገመድ ውፍረት አዩ፣ ምጣድ አለሽ ወይ፣ የሻወር ማሞቂያ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የኔ ዋና ብሬከር ባለ 40 አምፔር ነው። "ልጄ፣ ኦቭኑን ይችልልሻል፣ ግን አራቱም ምድጃ እየሰራ እንጀራ ልጋግር ካልሽ ይጥልብሻል፣ እሱን ከፈለግሽ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄደሽ ስሪ ፌዝ (ባለ ሶስት መስመር) ቆጣሪ ጠይቂ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። አሁን ምጋግር ቀን ኦቭኑን አላበራም፣ በቃ።

ከዛ ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ኩሽና ለኦቭኑ ብቻ የሆነ አዲስ መስመር ዘረጉ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ባለ 32 ብሬከር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ማጥፊያ። አሮጌው የሶኬት መስመር ባለ 2.5 ነው፣ እሱ ላይ ትልቅ ብሬከር ቀይሮ መስራት አይቻልም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ቆጣ አሉ። ብሬከር የሚጠብቀው ገመዱን ነው አሉኝ፣ ቀጭን ገመድ ላይ ትልቅ ብሬከር ከገባ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። ይሄን "መጣል አስቸገረኝ" እያለ ብሬከር በትልቅ የሚያስቀይር ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

በጣም የወደድኩት ግን የግራውንድ፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ ነገር ላይ ያላቸው ጥንቃቄ ነው። ኦቭን ማለት በእርጥብ እጅ የምንነካው ትልቅ ብረት ነው፣ ውስጡ አንድ ገመድ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ግራውንድ ከሌለ ሰው ይይዛል። ሶኬቶቼ ግራውንድ ያላቸው ይመስላሉ፣ በቴስተር ሲለኩት ግን ቢጫና አረንጓዴው ገመድ ከምንም ጋር አልተያያዘም! አንዳንድ ሰራተኛ እዚህ ጋር ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ገመድ) ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ ይሄዳል፣ ያ ኒውትራል አንድ ቀን ከተበጠሰ የኦቭኑ አካል በሙሉ 220 ተሸክሞ ይቆማል ማለት ነው፣ በፍጹም እንዳታስደርጉ። እሳቸው ጊቢያችን ውስጥ የመዳብ ዘንግ መሬት አስገብተው በመሳሪያ ለክተው ነው ያገናኙት፣ በዛ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ሚያቋርጥ የሊኬጅ ብሬከር ጨመሩ። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፣ በየወሩ ተጫኚው አሉኝ።

የኦቭኑ ጀርባ ሲከፈት ሞርሴቶው (ገመዶቹ በብሎን የሚታሰሩበት) ላይ ትናንሽ የመዳብ ድልድዮች አሉ፣ ለሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) እና ለስሪ ፌዝ አቀማመጣቸው ይለያያል፣ እዛው የተለጠፈውን ስዕል አይተው ነው ያስተካከሉት። ዋናውን አጥፍተው፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጠው ነው እጃቸውን ያስገቡት። ብሎኖቹን አጥብቀው ሲያበቁ ገመዱን ሳብ ሳብ አድርገው አዩት፣ የላላ ብሎን ነው ብዙ ጊዜ እሳት የሚያስነሳው።

አንድ ነገር፣ መጀመሪያ ሲበራ የሊኬጅ ብሬከሩ ጣለ። እኔ ደንግጬ ነበር፣ እሳቸው ግን ለክተው እቃው መጋዘን ብዙ ሲቆይ ማሞቂያው እርጥበት እንደሚስብ ነገሩኝ፣ በትንሽ ሙቀት ቆይቶ ደረቀና ከዛ በኋላ ጥሎ አያውቅም። ይሄ ሲያጋጥም ሊኬጅ ብሬከሩን አውጥቶ በቀጥታ የሚያገናኝ ባለሙያ ካያችሁ አሰናብቱት። ከዛ ባዶውን በከፍተኛ ሙቀት መስኮት ከፍተን ግማሽ ሰአት አካባቢ አነደድነው፣ የፋብሪካ ቅባት ሽታው እንዲወጣ።

ዋጋቸው ከሌላው ወደድ ይላል፣ ገመዱና ብሬከሩም ብቻውን ቀላል ብር አይደለም፣ ኦቭን ስትገዙ ይሄን ወጪ አብራችሁ አስቡት። ቅር ያለኝ የብሬከር ሳጥኑ ላይ የትኛው የምን እንደሆነ ሳይጽፉ መሄዳቸው ነው፣ ደውዬላቸው በነጋታው መጥተው ጻፉልኝ። ልትጠሯቸው ካሰባችሁ ከበዓል በፊት ያለው ሳምንት ላይ አይገኙም፣ ቀደም ብላችሁ ሱቃቸው ሄዳችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ የኦቭኑን ጀርባ ጽሁፍና የብሬከር ሳጥናችሁን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትሄዱ እዛው ምን ምን እንደሚያስፈልግ ይነግሯችኋል።