ለቤታችን የኤሌክትሪክ ዲዛይን ስላሠራንበት ቢሮ

ሥራቸው አሪፍ ነው፣ ስለ ቀጠሮ አከባበራቸው ግን አትጠይቁኝ። መጀመሪያ የጠየቁን ስንት ሶኬት እንደምንፈልግ ሳይሆን ምን ምን ዕቃ እንደምንጠቀም ነበር፤ ምድጃው፣ ቦይለሩ፣ የልብስ ማጠቢያው እያሉ የሁሉንም ዋት አስልተው ነው ሽቦና ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠውን) የመረጡት። ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ከ16 ጋር። ምድጃና ቦይለር የየራሳቸው መስመር አላቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው፣ 30 ሚሊ አምፔር የምታህል ጅረት ወደ ምድር ስታመልጥ ወዲያው መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ ነው። እሱንም አስገብተዋል፤ የመሞከሪያ ቁልፉን ስጫነው ቀጭ ብሎ ወረደ።

ቁጠባው ላይ ብዙ አልተፈላሰፉም። ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ ደረጃው ላይ ሰው ሲያልፍ የሚያበራ ሴንሰር፣ በመስኮት በኩል ላሉት መብራቶች ደግሞ ለብቻቸው ማብሪያ። ይበቃል።

ያልወደድኩት ፕላኑን ነው። ምልክቶቹ ማብራሪያ ስለሌላቸው ኤሌክትሪሺያኑ ለእያንዳንዷ ነገር እየደወለ ነው የጨረሰው። የብሬከር ሣጥኑ ላይ ግን የትኛው የየት ክፍል እንደሆነ አንድ በአንድ ተጽፏል፤ ለእሱ ብቻ እንኳ ሌላ ሥራ ብሰጣቸው አይቆጨኝም።