ዳርክ ካባሬ ወይስ ኢንዱስትሪያል?
በደሴ ኢፒ የሚባለውን አጭር አልበም ብቻውን ለሚሠራ ሙዚቀኛ ሁለቱም ስልቶች ክፍት ናቸው። ዳርክ ካባሬ በፒያኖና በአኮርዲዮን ታጅቦ፣ ዘፋኙ ገጸ ባሕርይ ተላብሶ ሞትንና ፌዝን አዋህዶ የሚያቀርብበት በመሆኑ፣ በማሲንቆው ብቻ ታዳሚውን በሰምና ወርቅ ሸንቆጥ ከሚያደርገው የወሎ አዝማሪ ብዙም አይርቅም፤ የአንቺ ሆዬ ቅኝትም በግማሽ ድምፅ ርቀቶቹ የተነሣ ለዚህ ጨለምተኛ ስሜት የተሠራ ይመስላል። ስያሜውን በ1976 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከተመሠረተው ኢንዱስትሪያል ሪከርድስ ከተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ያገኘው ኢንዱስትሪያል ግን በብረት ኳኳታና ሆን ተብሎ በተበላሸ ድምፅ ላይ ይቆማል። ላፕቶፕ ስለሚበቃው ወጪው ይቀላል፤ ሆኖም የከበሮ ማሽኑ ዝንፍ የማይል ምት የአምባሰልን የተንዠረገገ ዜማ ያፍነዋል። እኔ ብሆን ካባሬውን መርጬ፣ ከኢንዱስትሪያሉ ያንን የሻከረ ድምፅ ብቻ ለማሲንቆው እዋስ ነበር።