አጥርና ጥበቃ አለው ብሎ የሸጠልን ቦታ የጉማሬ መንገድ ነበር

ከዱር እንስሳት ፓርክ ጉዟችን የተመለስነው ትናንት ማታ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሳልረጋጋ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ሲበርድልኝ «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» ብዬ እተወዋለሁ፤ ሰውየው ደግሞ ሌላ ቤተሰብ እዚያው ሣር ላይ ያስተኛል።

እነዚህን ጉዞ አዘጋጅ ነን ባዮች ታውቋቸዋላችሁ። ቢሮ የላቸውም። ያላቸው ስልክና የሚያምር ፎቶ ነው። ገንዘቡ እስኪገባ ድረስ «እህቴ፣ እህቴ» ይላሉ፤ እኩለ ሌሊት ብትጽፉላቸው እንኳ ወዲያው ይመልሳሉ። ለእኔም እንደዚያው ነበር። «ሙሉ ፓኬጅ ነው እህቴ፣ እናንተ ልጆቹን ብቻ ይዛችሁ ኑ» አለኝ። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ፋኖስ፣ የታጠረ የካምፕ ቦታ፣ የሌሊት ጥበቃ። የአጥሩን ፎቶ ላከልኝ። ሙሉውን ቀድሜ ከፈልኩ።

መንገዱ ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ከርከሮዎች ጅራታቸውን እንደ አንቴና ቀጥ አድርገው፣ ግልገሎቻቸውን አስከትለው መንገድ ሲሻገሩ ልጆቼ በሳቅ ፈነዱ። ስለ ጉዞው ማስታወስ የምፈልገው እሱን ብቻ ነው።

ስንደርስ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል። የሰውየው ሠራተኛ በሞተር ሳይክል ጠበቀን። በፓርኩ ዋና በር ሳይሆን በጎን መንገድ አስገባን። «በዚህ ይቀርባል» አለ። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

ወንዝ ዳር አቆመን። ሣሩ አጭርና ወጥ ነው፣ የታጨደ ይመስላል። «እንዴት ያለ ለጥ ያለ ቦታ ነው!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከውሃው ተነስቶ በሣሩ መሀል የሚያልፍ መንገድም አለ፤ በግራና በቀኝ ሁለት የተቦረቦሩ መስመሮች፣ መሀሉ ላይ ከፍ ያለ ሣር። የ6 ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ ይሄ የመኪና መንገድ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። መኪና ከወንዝ ውስጥ ተነስቶ እንደማይመጣ እንኳ አላሰብኩም።

«አጥሩ የታለ?» ብዬ ሠራተኛውን ጠየቅሁት። በአገጩ ወደ ውሃው አመለከተኝ። «ወንዙ አለ አይደል? ወንዙ ራሱ አጥር ነው።» ይህን ሲል አላየኝም። የሞተሩን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክር ነበር። «ጥበቃውስ?» «ማታ ይመጣል።» መኪናችንንም ራቅ አድርገን እንድናቆም ነገረን፣ ለፎቶ እንዲያምር። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እኔም ዝም አልኩ። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ሊመሽ ነው፣ ባለቤቴ ፍራሹን ማውረድ ጀምሯል። ገንዘቡም ተከፍሏል። ከሁሉ በላይ አፌን የያዘኝ እሱ ነው። የከፈልኩትን ላለማጣት ብዬ ልጆቼን እዚያ አስተኛሁ። ይህን ለራሴ ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ጥበቃ የሚባል አልመጣም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የመጣው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሣር ሲነጭ ሰማን፤ ረጋ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ። ቀጥሎ ትንፋሽ። ባለቤቴ ባትሪውን አጠፋ። መኪናው ከእኛ ሃያ እርምጃ ላይ ነው፣ ድምፁ ደግሞ ከእኛና ከመኪናው መሀል። ትንሿን ደረቴ ላይ አድርጌ አፏን በመዳፌ ሸፈንኩት። አንዱ የድንኳኑን ገመድ በእግሩ ጎተተው፤ ካስማው ተነቀለና ሸራው ፊታችን ላይ ወደቀ። በሸራው ውስጥ የሰውነቱ ሙቀት የሚሰማኝ መሰለኝ። እስኪነጋ ድረስ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

ጠዋት ዱካውን አየነው። ሳህን የሚያክል፣ አራት ጣት ያለው፣ ልጄ ራሷን ካሳረፈችበት ሁለት ስንዝር ርቆ። ቁጥቋጦው ላይ ፋንድያ ተረጭቷል። በዚያ ያለፈ አንድ የፓርኩ ስካውት ሲያየን ራሱን ያዘ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ይበላል፤ ሣሩን ያጨዱት እነሱው ናቸው። ሁለቱ መስመሮች የግራና የቀኝ እግሮቻቸው ያበጁት ነው። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን እንስሳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ፣ ከውሃው የሚያግደው ነገር ካገኘም እንደማይምር ነገረን። በፓርኩ መዝገብ ላይም ስማችን የለም። የካምፕ ክፍያችንን ሰውየው ኪሱ ከቶታል።

ደወልኩለት። «ምን ተጎዳችሁ እህቴ?» አለኝ። «እንስሳ ለማየት አይደል የመጣችሁት? ሰው ከፍሎ የሚያጣውን እናንተ ደጃችሁ ድረስ መጣላችሁ።» ከኋላው ሰዎች ሲስቁ ሰማሁ። ልጆቼ ሊሞቱ ነበር ስለው ስልኩን ዘጋው። አሁን ቁጥሬን አግዶታል።

የካምፕ ክፍያ ፓርኩ በር ላይ ራሳችሁ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ውሃ ዳር እንዲህ ያለ መንገድና የተጋጠ ሣር ካያችሁ ድንኳን አትትከሉ። መኪናችሁን ከድንኳኑ አታርቁ።

ስንወጣ ስካውቱ ትክክለኛውን የካምፕ ቦታ አሳየን። በመኪና 10 ደቂቃ ነው። ትልቅ ግራር፣ ሥሩ ቢጫ የውሃ በርሜል፣ ዙሪያውን የእንጨት አጥር። ስልኬን አውጥቼ አመሳከርኩት፤ የላከልኝ ፎቶ እሱው ነው። በርሜሉ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህን ፎቶ አንድ ሰው «የእኛ ቦታ ነው» ብሎ ከላከላችሁ፣ ቦታው የፓርኩ እንጂ የእሱ አይደለም።