ለሬቲና ሽፋን ምርመራ ስለሄድኩበት የዓይን ክሊኒክ

በቀኝ ዓይኔ ብቻ ስመለከት የበሩ መቃን መሐሉ ላይ ጎብጦ፣ የጋዜጣውም መስመር ተጣሞ ይታየኝ ስለነበር፣ መነጽር ለማስቀየር አስቤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ችግሩ ግን የመነጽር አልነበረም። ሐኪሟ የዓይንን የውስጥ ንብርብሮች በብርሃን በሚያነሣው ኦሲቲ በተባለ መሣሪያ የተገኘውን ምስል አሳይተው፣ ሬቲና በተባለው ብርሃን ተቀባይ የዓይን የውስጥ ጀርባ ማዕከል፣ ማኩላ በሚባለው ቦታ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ ሽፋን በቅሎ ሬቲናውን እየሸበሸበው መሆኑን አስረዱኝ።

ክሊኒኩን የማመሰግነው ለዚህ ማብራሪያ ነው። ሽፋኑ በጠብታ እንደማይጠፋ፣ ቪትሬክቶሚ በተባለው ቀዶ ሕክምና በዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ወጥቶ ሽፋኑ በረቂቅ መቆንጠጫ እንደሚላጥ፣ እይታው በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ቢሻሻልም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል፣ የዓይን ሞራም ሊፋጠን እንደሚችል ሳይደብቁ ነገሩኝ። ማንበብ እስካልተሳነኝ ድረስ እየተከታተሉ መቆየት እንደሚቻል መግለጻቸው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለገንዘብ የሚቸኩል ቤት እንዳልሆነ አሳምኖኛል።

መስተንግዶው ግን ከሕክምናው ጋር አይመጣጠንም። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ከተደረገልኝ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ ጠብቄያለሁ፤ የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ በጽሑፍ ስጠይቅም ከሁለት ሠራተኞች ሁለት የተለያየ የቃል መልስ አገኘሁ። ሰው አስከትዬ እንድመጣ አስቀድሞ የነገረኝ ባለመኖሩ፣ በዚያ በሰፋ ብሌን፣ በቀትር ፀሐይ፣ ታክሲ ፍለጋ ግንብ እየተደገፍኩ ወጥቻለሁ። ለጊዜው ቀዶ ሕክምናውን አቆይቼ፣ የመስመሮቹ መጣመም መባስ አለመባሱን ለማወቅ፣ የሰጡኝን ባለ ካሬ ወረቀት አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ በየሳምንቱ እመለከታለሁ፤ ለክትትሉም ወደዚያው እመለሳለሁ።