ከፒካፑ በፊት ክሩ፦ ለቤዝ ጊታር የድሮ ዓይነት ዕቃ ለሚገዙ

የፌንደር ኩባንያ ሞዴሎች የሆኑት የፕሪሲዥን ወይም የጃዝ ቤዝ ቅጂ የሆነ ርካሽ ጊታር ገዝቶ የድሮውን ወፍራምና አጭር ድምፅ ሊያወጣበት የሚመኝ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ገንዘቡን የሚያወጣው የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይረው ፒካፕ ላይ ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ቡራዩ ውስጥ በምንለማመድባት የቆርቆሮ ክፍል፣ አልኒኮ ከሚባል የብረት ቅይጥ የተሠራ ማግኔት ያለው ፒካፕ የገጠምሁበትን የእኔን ቤዝና የፋብሪካ ፒካፑ ያልተነካውን የጓደኛዬን ቤዝ በአንድ አምፕሊፋየር ተራ በተራ አሰማን። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ድራመራችን «የድሮው ድምፅ የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የመረጠው የጓደኛዬን ነው። በእርሱ ቤዝ ላይ የነበረው ልዩ ነገር ያረጀ ፍላትዋውንድ ክርና ብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ ከክሩ ሥር የተወሸቀ የፍራሽ ስፖንጅ ብቻ ነበር። ንጽጽሬን ከክር የምጀምረው ስለዚህ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ፍላትዋውንድ ማለት ከላይ የተጠቀለለበት ሽቦ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ ክር ነው፤ ራውንድዋውንድ ደግሞ ክብ ሽቦ የተጠቀለለበት፣ ዛሬ አብዛኛው አዲስ ቤዝ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ነው። ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን በ1951 ለገበያ ሲያቀርብ ክብ ጥቅል የቤዝ ክር ገና አልተለመደም ነበር፤ ሞታውን የተባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ዘፈኖች ቤዝ የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰንም የሚታወቀው በ1962 ፕሪሲዥኑ፣ በወፍራም ፍላትዋውንድ ክርና ከብሪጁ ሽፋን ሥር ባለ ስፖንጅ ነው። በ6/8 በሚሄድ የቺክቺካ ምት ላይ ድምፁ ቶሎ የሚቆም ቤዝ ለከበሮው ቦታ ይለቃል፤ አዲስ ራውንድዋውንድ ግን እያስተጋባ ቀጣዩን ምት ይሸፍነዋል። በአንጻሩ በአውራ ጣት እየመታ ለሚጫወት፣ ወይም ብዙ ኪቦርድ ባለበት የመዝሙር ቡድን ውስጥ ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማለት ለሚፈልግ ሰው ፍላትዋውንድ የታፈነ ይሆንበታል፤ እንዲህ ያለው ገዢ የሻጭን ምክር ሰምቶ ባይቸኩል ይሻለዋል። ፍላትዋውንዱ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ላብና አቧራ የሚገባበት ስንጥቅ ስለሌለው ለዓመታት ያገለግላል፣ ፍሬቱንም (በአንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች) ብዙ አይበላም። ስፖንጁ ደግሞ ከፍራሽ ሰፊ ቁራጭ ለምኖ የሚገኝ ነው።

ፒካፕ ሁለተኛ ይመጣል። የአልኒኮ ማግኔት ያለው ድምፁ ለስለስ ይላል፤ በርካሽ ጊታሮች የሚበዛው የሴራሚክ ማግኔት ደግሞ ጠንከርና ሾል ያለ ድምፅ አለው። ልዩነቱ የሚሰማ ቢሆንም ክር ከመቀየር ጋር አይወዳደርም። ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ከማግኔቱ ይልቅ የፒካፑ አሠራር ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ከክፍላችን ጎን ያለው የብየዳ ቤት ሥራ ሲጀምር ፒካፑ ከመብራት መስመሩ የሚቀበለው ዝዝታ በአምፕሊፋየሩ ይወጣል። በ1957 የመጣው ለሁለት የተከፈለው የፕሪሲዥን ፒካፕ፣ ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠቀለሉና ማግኔታቸው የተገላበጠ ስለሆነ ዝዝታውን እርስ በርስ ያጠፋፋሉ። የ1951 ዓይነቱ ነጠላ ፒካፕ መልኩ ቢያምርም ይህን አይችልም። በ1960 የወጣው የጃዝ ቤዝ ዓይነት ሁለት ነጠላ ፒካፖች ያሉት ሲሆን፣ ዛሬ በጥንድ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሁለቱም ቮልዩም እኩል ሲከፈት ዝዝታቸው ይጠፋል፤ አንዱን ዝቅ ሲያደርጉት ግን ዝዝታው ይመለሳል። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) በሌለው ሶኬት ላይ የትኛውም ፒካፕ ተአምር አይሠራም፤ እንዲያውም ክሮቹ በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር ስለሚገናኙ፣ ዘፋኙ ማይኩን በከንፈሩ ሲነካ እንደሚነዝረው ሁሉ ቤዝ ተጫዋቹም ሊነዘር ይችላል። ከፒካፑ በፊት ኤሌክትሪሻን መጥራት የሚያስፈልግበት ቤት አለ።

የቮልዩምና የቶን ፖት (ቁልፉ የሚያዞረው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ለእነዚህ ፒካፖች 250 ኪሎ ኦም መሆኑ የተለመደ ነው። ከቶኑ ቁልፍ ጋር ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰው ካፓሲተር 0.047 ማይክሮፋራድ ቢሆን ወይም በ1950ዎቹ እንደነበረው 0.1 ቢሆን፣ ለውጡ የሚሰማው የቶኑን ቁልፍ ዝቅ ሲያደርጉ ነው። በዘይት የተሞላ «የድሮ» ካፓሲተር ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ ቢያጋጥምዎ፣ ልኩ እኩል የሆነ ተራ ካፓሲተር ከመርካቶ ገዝቶ መበየድ ለእኔ ጆሮ ያው ነው።

ስለ ብሪጅ ብዙ የምለው የለም። ከታጠፈ ስስ ብረት የተሠራው የድሮ ዓይነትና ከባዱ ዘመናዊ ብሪጅ ያላቸው የድምፅ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የፋብሪካው ካልዛገና ብሎኑ ካላለቀ ይተዉት።

ክሩን የሚወጥረው መቃኛ ግን ዋጋ አስከፍሎኛል። ትልቅ ቅጠል የሚመስል ጆሮ ያለው የድሮ ዓይነት መቃኛ ከውጭ በመጣ ዘመድ እጅ አስመጣሁ። የእርሱ ቀዳዳ ወደ 17.5 ሚሊ ሜትር ሲጠይቅ በእኔ ጊታር ራስ ላይ የነበረው እንደ ብዙዎቹ ዘመናዊ መቃኛዎች 14 ሚሊ ሜትር ነበር። አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ ወስጄ በወፍራም መሰርሰሪያ ሲያሰፋው፣ መሰርሰሪያው በወጣበት በኩል ቀለሙ ከነእንጨቱ ተገነጠለ፤ እስከ ዛሬ በማጣበቂያና በመጋዝ ብናኝ ተሞልቶ ይታያል። መቃኛ ድምፁን አይለውጥም፣ ክብደት ግን አለው፤ ትልቁን መቃኛ ከገጠምሁ ወዲህ ቤዙን ስለቀው አንገቱ ወደ መሬት ያዘነብላል። የሚገዙት ለመልኩ ከሆነ፣ ቀዳዳውን በካሊፐር ሳይለኩ አይዘዙ።

የድሮ ዓይነት አንገት ለመግዛት የሚያስቡም አሉ። የመዳፊያው (ክሩን በጣት የምንጫንበት ገጽ) የክብነት ራዲየስ 184 ሚሊ ሜትር የሆነው የድሮው ልክ፣ ዛሬ ከተለመደው 241 ሚሊ ሜትር ይልቅ ጎበጥ ይላል፤ ይህ የእጅ ምርጫ ነው። የሚያስቸግረው አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የውስጥ ብረት መጥበቂያ በአካሉ በኩል መሆኑ ነው፤ ለማስተካከል ብዙውን ጊዜ ክሩን አላልቶ አንገቱን መፍታት ይጠይቃል። ፍላትዋውንድ ክር በአብዛኛው ከራውንድዋውንድ በበለጠ ኃይል አንገቱን ይስባል፤ የእኛ ክረምት ሲገባና ሲወጣም እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ፣ እኔ በሐምሌና በጥቅምት ማስተካከሌ አይቀርም። የፋብሪካው አንገት መቃኛዎቹ ባሉበት በጊታሩ ራስ በኩል በአንድ ቁልፍ ስለሚስተካከልልኝ ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስለዚህ እርሱን አልቀየርሁትም።